ፍራሽ ቤቱ ላይ የተኛው አባቴ

«አባትሽን እኮ ፍራሽ ቤቱ ላይ ተኝተው አየኋቸው» አለችኝ ጎረቤታችን ነርሷ፣ ከአዳር ሥራ ስትመለስ ደረጃው ላይ ተገናኝተን። አባቴ ከሞተ ሁለት ዓመት አልፎታል። ነርሷ ቀልድ የምታውቅ ሴት አይደለችም፤ ሌሊቱን ሙሉ ቆማ ስላደረች ደክሟት ይሆናል ብዬ «በይ ግቢና አረፍ በይ» አልኳት። እሷ ግን ቦርሳዋን ከአንዱ ትከሻ ወደ ሌላው እያዛወረች፣ ዋናው መንገድ ላይ ካለው ትልቁ ፍራሽ ቤት ግድግዳ ላይ፣ አንድ ፎቅ የሚያህሉ ሆነው፣ ያቺን ግራጫ ሹራባቸውን ለብሰው እንዳየቻቸው ነገረችኝ። «ያንቺ ሥዕል ነው መቼም። እንኳን ደስ ያለሽ! ዝም ዝም ብለሽ ለካ ትልቅ ሥራ ይዘሻል» ብላ በሯን ከፍታ ገባች። እኔ ቆሻሻ ልደፋበት የወጣሁትን ባልዲ እንደያዝኩ ደረጃው ላይ ቀረሁ።

ወደ ቤት ስመለስ እናቴ የለችም። ሰሞኑን ጠዋት ጠዋት «ለእግሬ» እያለች ትወጣለች፤ ሐኪም እንድትራመድ አዟታል። ቤታችን ሁለት ክፍል ነው። አንዱ የእሷ መኝታ ሲሆን ሌላው ሳሎንም፣ የእኔ መኝታም፣ የሥዕል ቤቴም ነው፤ እንግዳ ሲመጣ ቀለሙን ከሶፋው ሥር እገፋዋለሁ። የእሷ ክፍል በር ገርበብ ብሎ ስለነበር አዲሱ ፍራሽ ታየኝ። ባለፈው ሳምንት ነው የመጣው። ላስቲኩን እንዳይቆሽሽ ብላ ስላላወለቀችው፣ ሌሊት በተገላበጠች ቁጥር እስከ እኔ ድረስ ይንኮሻኮሻል። ከየት እንደመጣ ስጠይቃት «ሰው ሰጠኝ» አለች። የትኛው ሰው? «ሰው ነዋ!» አለችና አንሶላዋን ማንጠፍ ቀጠለች። የሕፃናት መጽሐፍ ሥዕሎች ልጨርስ ተወጥሬ ስለነበር ነገሩን ተውኩት። ብዙ ነገር እንዲሁ ነው የሚያልፈኝ።

ዋናው ሥዕል ግን ከቦታው ንቅንቅ አላለም። ሳሎን ውስጥ፣ አባዬ ይቀመጥበት ከነበረው ወንበር በላይ ተሰቅሏል። አባዬ ዕድሜውን ሁሉ የከተማ አውቶቡስ ሲነዳ የኖረ ሰው ነው፤ ጎሕ ሳይቀድ ወጥቶ መሽቶ የሚገባ። ጡረታ ከወጣ በኋላ ልቡ ደከመና ጋደም ሲል ትንፋሽ እያጠረው ሌሊቱን ቁጭ ብሎ ያድር ጀመር። በመጨረሻዎቹ ወራት አልጋ የሚባል ነገር እርም ሆነበት። እዚያ ወንበር ላይ፣ አንድ ጫማውን አውልቆ ሌላውን ሳያወልቅ፣ እጆቹ መሪ የያዙ ይመስል ጭኑ ላይ ተከፍተው ለትንሽ ጊዜ ሸለብ ያደርገዋል። እኔም ያንን ትንሽ ጊዜ እየጠበቅኩ ነው የሳልኩት። እንዳይነቃ ብሩሼን ውሃ ውስጥ እንኳ ሳላንቀጫቅጭ። እንዲህ የደከምኩበት ሥዕል የለኝም፤ እንዲህ የምወደውም የለኝም።

ደግሞ እኔ ሥዕሌን ኢንተርኔት ላይ የምለጥፈው እንደ ሞኝ አይደለም። እባብ ያየ በልጥ በረየ። አንድ ጊዜ የሳልኳቸው አበቦች ሳሙና መጠቅለያ ላይ በቅለው አግኝቻቸዋለሁ፤ ሰውነቴን የምታጠብበት ሳሙና ላይ! ከዚያ ወዲህ ትልቁን ፋይል ለማንም አልሰጥም። ለሰው የማሳየው ትንሹን ነው፤ ጥራቱ ወርዶ፣ ስሜ በስሱ ተጋድሞበት። ጥግ ላይ ብጽፈው ቆርጠው ስለሚጥሉት፣ ቢቆረጥ ሥዕሉም የሚሞትበት ቦታ ላይ እጽፈዋለሁ። በአባዬ ሥዕል ላይ ስሜ ከጉንጩ ተነስቶ አገጩን አቋርጦ ደረቱ ላይ ያልቃል። ሰው ሁሉ «ስምሽ ሥዕሉን አበላሸው» ይለኛል። ይበላሻ! አምሮ ከሚሰረቅ ተበላሽቶ የእኔ ይሁን። ጓደኞቼ ሠዓሊዎች ሲስቁብኝ «ቤቷን ቆልፋ ቁልፉን የምትውጥ» ይሉኛል። ያን ጠዋት ቁልፉ ሆዴ ውስጥ እያለ ቤቱ ተሰብሮ ነበር።

ፍራሽ ቤቱ ከአውቶቡስ ማቆሚያው ፊት ለፊት ነው። ነርሷ አልዋሸችም። ባነሩ ከጣሪያው ጀምሮ እስከ መግቢያው መስታወት ወርዷል። አባዬ አፉን ትንሽ ከፍቶ፣ ጭንቅላቱን ወደ ትከሻው ጣል አድርጎ ተኝቷል፤ ከእግሩ ሥር በቀይ ፊደል «እንዲህ ነው እንቅልፍ!» ይላል፤ ከዚያ ስልክ ቁጥር። ትንሿን ፋይል ስለለጠጧት ፊቱ ጉም እንዳለበት ደብዝዟል። ስሜ የለም። ጠጋ ብዬ አንገቴ እስኪያመኝ ቀና ብዬ አየሁት። ስሜ አገጩን በሚያቋርጥበት ቦታ ላይ አንድ ጠባሳ ነበረው፤ ልጅ ሆኖ ከአጥር ላይ ወድቆ ያገኘው። እሱም የለም። ስሜን ሲጠርጉ ጠባሳውን አብረው ጠርገውት አገጩ እንደ ሕፃን ልጅ አገጭ ለስልሷል። ከዚህ በፊት ተዘርፌ አውቃለሁ፤ የሰው ፊት ሲዘረፍ ግን ያን ቀን ነው ያየሁት። እዚያው መንገድ ላይ ማልቀስ አማረኝ፤ ግን ንዴቱ ቀደመ።

ሻጩ ከደጅ ሲያየኝ ፍራሽ ልገዛ የመጣሁ መስሎት «ግቢ እህቴ፣ ተኝተሽ ሞክሪው፣ ለማየት አይከፈልም» አለኝ። ሥዕሉ የእኔ መሆኑን፣ ሰውየውም አባቴ መሆናቸውን ነገርኩት። መጀመሪያ ሳቀ። ቀጥሎ ስልኬን አውጥቼ ከነስሜ ሳሳየው፣ ስልኩን ሁለቴ አየ፣ እኔን ሁለቴ አየ፣ እና ጥፋቱን ሁሉ ጠቅልሎ ማተሚያ ቤቱ ላይ ጣለው። «እኛ ፍራሽ ነው የምንሸጠው፤ ሥዕሉን እነሱ ናቸው ያመጡልን። ባለቤቱ ከምሳ በኋላ ይመጣሉ፤ እስከዚያ እነሱን ጠይቂ» አለኝ። ባለቤቱን ካልናቁ አጥሩን አይነቀንቁ የሚባለው ለእኔ ነው። የሳሙናዎቹም ሰዎች ልክ እንዲህ ነበር ያሉኝ፤ የሚሰርቅ ሰው የለም፣ የሚቀባበል እንጂ።

ማተሚያ ቤቱ ከኋላ ባለው ጠባብ መንገድ ምድር ቤት ነው። ማሽኑ ያጓራል፣ የቀለሙ ሽታ ጉሮሮ ይይዛል፣ ግድግዳው በሙሉ ለሌላ ሰው በታተሙ ነገሮች ናሙና ተለብጧል። ዲዛይነሩ ጆሮ ማዳመጫውን አንገቱ ላይ ጥሎ በትሕትና አዳመጠኝ። መካድ እንኳ አልካደም፤ ይሄ ነው ይበልጥ ያበገነኝ። «ከኢንተርኔት ነው ያመጣሁት» ይለኛል ብዬ መልሴን አዘጋጅቼ ስጠብቅ፣ «አማቴ ናት የላከችልኝ» አለኝ። ስልኩን ከፈተና አሳየኝ። አባዬ ተኝቷል። በአራቱም ማዕዘን ጽጌረዳ ተደርድሯል፣ ከላይ ጨረቃ አለች፣ ከታች «ደህና እደሩ ወገኖቼ፣ የሰላም እንቅልፍ ይስጣችሁ» ይላል። የማታ መልካም ምኞት አድርገውታል። አማቱ ከጓደኛዋ፣ ጓደኛዋ ከሌላ ሰው፣ እንዲያ እያለ ከስልክ ስልክ እየዞረ ሰው ሁሉ በአባቴ ሲተኛ ከርሟል።

«ጽጌረዳዎቹን ቆርጬ ሰውየውን ብቻ አስቀረሁ። ስም ቢኖርበት ኖሮ እንጠይቅ ነበር እኮ፣ እህት። ባለቤት ያለው አልመሰለኝም» አለኝ።

ስሜ ነበረበት። ማን እንዳጠፋው ላውቅ የምችልበት መንገድ አልነበረም፤ ከጽጌረዳዎቹ በስተቀር። እነዚያን ጽጌረዳዎች አውቃቸዋለሁ። አክስቴ ለልደት፣ ለጾም፣ ለፈተና፣ ለዝናብ፣ ለሁሉም ነገር የምትልካቸው ናቸው። የቤተሰባችን ግሩፕ በየጠዋቱ የአበባ መደብር ስለሚሆን ድምፁን ዘግቼው ከከፈትኩት ቆይቷል። እዚያው ማተሚያ ቤቱ በር ላይ ቆሜ ወደ ኋላ፣ ወደ ኋላ እየሳብኩ ፈለግኩት። አገኘሁት። አክስቴ ጽጌረዳ ከመደርደሯ በፊት፣ ንጹሑን፣ ስሜ የሌለበትን ሥዕል ግሩፑ ላይ የለጠፈችው እናቴ ናት። ከሥሩ «አባታችሁ፣ ልጄ የሳለችው» ብላለች። እናቴ የስልኳን መብራት ማጥፋት እንኳ ሰው ጠርታ ነው፤ ስም ማጥፋትማ ከየት ይመጣል? ከየት እንደመጣ ለማወቅ ብዙ ማሰብ አላስፈለገኝም።

ታናሽ ወንድሜ ሞባይል ይጠግናል። ምን ብትጠይቀው «ሁለት ደቂቃ» ስለሚል ሰፈሩ ሁሉ «ሁለት ደቂቃ» ነው የሚለው፤ የገዛ ስሙን የሚያስታውሱት እናቴና ቀበሌው ብቻ ናቸው። ሱቁ አንድ ሰው ቆሞ ሌላው ለማለፍ ጎኑን የሚያዞርበት ነው። ሆዱ የተከፈተ ስልክ ላይ አጎንብሶ አገኘሁት። ሥዕሉን አሳየሁት። አላንገራገረም።

«እማዬ ናት። ‹በአባትህ ፊት ላይ ጽሑፍ ጻፈችበት፣ ደስ አይልም፣ አጥፋልኝ› አለችኝ፤ አጠፋሁላት። የሁለት ደቂቃ ሥራ ናት፤ አፕ አለ።»

«እኔን አትጠይቀኝም?»

«ስምሽ ጉንጩ ላይ ነበር እኮ፣ እትዬ። አባቴም ነው።»

ሥራዬ ነው ልለው ነበር፣ ሕግ አለ ልለው ነበር፣ ያ ስም ለጌጥ አይደለም፣ መዝጊያ ነው ልለው ነበር። ይልቅ ስልኬን አስጠግቼ «አገጩን እየው» አልኩት። አየው። መጀመሪያ አልገባውም። ቀጥሎ የያዛትን ትንሽ መፍቻ አስቀመጠ። ልጅ ሆነን አባዬ ሲያቅፈን ያንን ጠባሳ በጣታችን የምንነካው ነገር ነበረን፤ «አጥሩ ነከሰኝ» እያለ ያስቀን ነበር። ወንድሜ ያንን ፊት በጣቱ ጠርጎ፣ ደግሞም ስንቴ አይቶት፣ ጠባሳው መጥፋቱን አላስተዋለም። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ይባላል፤ ይሄ ግን ተመልሶ የማይለቀም ነገር ነው። አንድ ደንበኛ መጥቶ «ደርሷል?» ብሎ ጠየቀው። እሱ ለሰውየው «ሁለት ደቂቃ» እንኳ አላለውም።

ወደ ፍራሽ ቤቱ ስመለስ ባለቤቱ ገብተዋል። ሸምገል ያሉ፣ ቦርጫቸው ቀድሟቸው የሚሄድ፣ አነጋገራቸው ግን ለስላሳ ሰው ናቸው። የመሥሪያ ጠረጴዛ የላቸውም፤ ከሚሸጡት ፍራሽ አንዱ ጠርዝ ላይ ቁጭ ብለው ነው ሰው የሚያነጋግሩት፤ እኔንም አጠገባቸው አስቀመጡኝ። የማወራበትን ድምፅ መንገድ ላይ ለብቻዬ ስለማመደው ነው የመጣሁት፤ የቅጂ መብት፣ ክስ፣ ጠበቃ የሚሉትን ቃላት ሁሉ በየቦታቸው ደርድሬ። አንዳቸውንም ሳልጨርስ ሰውየው እጃቸውን ደረታቸው ላይ አደረጉ።

«ልጄ፣ እኛ እኮ አስፈቅደናል። የሰውየው ባለቤት መጥተው ነበር፣ እናትሽ። ባነሩ በተሰቀለ ማግሥት መጡና በር ላይ ቆመው አለቀሱ። ‹አለቀልን› ብዬ ነበር። ኋላ ግን ባሌ ነው አሉን፤ መረቁን። እኛም ለምርቃቱ አንድ ፍራሽ ቤታቸው ድረስ ላክንላቸው። ይተኙበታል?»

ይተኙበታል። ላስቲኩ ሲንኮሻኮሽ ሌሊቱን ሙሉ እሰማዋለሁ። ሥዕሌ ለፍራሽ ተለውጦ እኔ ባለቤቷ የመጨረሻ ሰሚ ሆኜ ተገኘሁ። «ሰውየው የእናቴ ናቸው። ሥዕሉ ግን የእኔ ነው። የፈቀደችው የእሷን ነው እንጂ የእኔን መፍቀድ አትችልም» አልኳቸው። ሰውየው ነገሩን አገላብጠው አሰቡበትና «እሱም እውነት ነው» አሉ። ከዚያ እንደ ነጋዴ ሳይሆን እንደ አስታራቂ ሽማግሌ ሆኑ። ስሜን በፈለግኩት መጠን ሊጽፉልኝ፣ ከፈለግኩ ከአባዬ ጫማ ሥር ከፈለግኩ ከራሱ በላይ፣ ለሥዕሉም የሚገባውን ሊያደርጉልኝ ቃል ገቡ። ይህንን አንድ ሰው እንዲለኝ ስንት ዓመት እንደጠበቅኩ እግዜር ይወቀው። እሺ ማለት እችል ነበር። ቀና ብዬ በመስታወቱ ውስጥ ሳይ ግን ያ ቀይ ፊደል ፀሐይ ከውጭ ስላረፈበት ከጀርባው ተገልብጦ ይታየኛል።

«አባቴ ፍራሽ ላይ መተኛት አይችሉም ነበር» አልኳቸው። «ጋደም ካሉ ይታፈናሉ። ያ የሚያዩት ወንበር ላይ ነው፤ ለወራት አልጋ ላይ ሳይተኙ ነው የሞቱት። በዓለም ላይ ፍራሽ የማያስፈልገው አንድ ሰው ቢኖር እሳቸው ነበሩ።»

ሰውየው የተቀመጡበትን ፍራሽ በመዳፋቸው አንዴ ዳበስ አደረጉት። «እናትሽ ይህን አልነገሩንም» አሉ በመጨረሻ፤ ተነሱና ሠራተኞቻቸውን ጠርተው መሰላል እንዲያመጡ አዘዙ። እንዲህ በቀላሉ ይሆናል ብዬ አላሰብኩም ነበር። ያ ሁሉ የተለማመድኩት ነገር አፌ ውስጥ ቀረ።

ሁለት ሠራተኞች መሰላሉን አስደግፈው የላይኛውን ገመድ መፍታት ሲጀምሩ መንገዱን ተሻግሬ ከፊት ለፊት ሆኜ ለማየት ሄድኩ። አሸንፌያለሁና ሲወርድ በደንብ ላየው ፈለግኩ። አውቶቡስ ማቆሚያው አግዳሚ ላይ እናቴ ተቀምጣለች። ሻርፗን አገጯ ሥር ቋጥራ፣ ቦርሳዋን ጭኗ ላይ አድርጋ፣ ቀና ብላ ባነሩን ታያለች። ለእግሬ የምትለው እዚህ መጥቶ መቀመጥ ነው ለካ። ጠዋት ጀርባዬን ሰጥቼ ባነሩን ሳይም እዚህ ነበረች ይሆናል፤ ምን ያህል ሰዓት እንደተቀመጠች አላውቅም። ልናገር አፌን ስከፍት አንድ የከተማ አውቶቡስ ከታጠፈው መንገድ ብቅ አለ፤ ሾፌሩ ገና ከሩቅ ጥሩንባውን ሁለቴ ነፋ፣ እጁንም በመስኮት አወጣ። ለእኛ አልነበረም። ወደ ግድግዳው ነበር። እናቴ ቀኝ እጇን ከቦርሳዋ ላይ አንስታ በአባዬ ፈንታ ሰላምታውን መለሰች።

«ለምንድን ነው የሚፈቱት?» አለችኝ፣ ዓይኗን ከመሰላሉ ሳትነቅል።

«እኔ ነኝ ያስፈታሁት፣ እማዬ።»

አልተቆጣችም። ብትቆጣኝ ደስ ባለኝ። ገመዱ ከአንድ ጎን ተለቀቀና ባነሩ ከላይ ወደ ታች እየታጠፈ የአባዬ ግንባር፣ ከዚያ ዓይኖቹ ጠፉ።

«ቀብሩ የሥራ ቀን ነበር» አለች። «ከጓደኞቹ ማንም አልመጣም። አውቶቡስ ጥለው አይመጡ ነገር! እዚህ ግን የሚያውቁት ሁሉ ሲያልፉ ይነፉለታል። አዳዲሶቹ ልጆች እንኳ ትልልቆቹን አይተው ይነፋሉ።»

«ሥዕሉ እኮ ቤት አለ። ዋናው ቤት ነው ያለው።»

«ቤት ያለውን ማን ሰላም ይለዋል?»

ልክ ነበርኩ። ሕጉም ከእኔ ጋር ነበር፣ እውነቱም ከእኔ ጋር ነበር፣ ባለ ፍራሹ እንኳ ከእኔ ጋር ነበሩ። አሁንም ልክ ነኝ። ግን ይህንን የምነግረው ሰው አግዳሚው ላይ አልነበረም። ከመጨረሻው ገመድ ጋር ባነሩ መሬት ላይ ሲወድቅ አቧራ አስነሳ። ሠራተኞቹ ተንበርክከው ይጠቀልሉት ጀመር። ሌላ አውቶቡስ መጣ። ሾፌሩ ከመታጠፊያው ጀምሮ ቀና ብሎ ነበር፤ ባዶውን ግድግዳ ሲያይ ወደ ጥሩንባው የሄደው እጁ መሪው ላይ ተመለሰ፣ ማቆሚያው ላይ ሰው አውርዶ ሰው ጭኖ ዝም ብሎ ሄደ። እናቴ ለሰላምታ የተዘጋጀች እጇን መልሳ ቦርሳዋ ላይ አደረገቻት።

ባለ ፍራሹ ጥቅሉን መንገዱን አሻግረው አስመጡልን። «ንብረትሽ ነው፤ ሌላ ሰው እጅ እንዳይገባ» አሉኝ፤ በቅንነት ነው ያሉት። ርዝመቱ ታክሲ ውስጥ አይገባም፣ ክብደቱ ለአንድ ሰው አይቻልም። ወንድሜን ልጥራው ብላት እናቴ ከአግዳሚው ተነሳችና የፊተኛውን ጫፍ አንስታ ትከሻዋ ላይ አደረገች። እኔ ከኋላ ያዝኩ። እግሯን እያመማት ቀስ እያለች ስለምትሄድ እኔም ቀስ አልኩ። የእግረኛ መንገዱ ጠባብ ነው፤ ከፊታችን የሚመጣው ሰው ግን ገና ሲያየን ዳር እየያዘ አሳለፈን፤ አንድ ሽማግሌ ኮፍያቸውን አወለቁ። ምን እንደመሰላቸው ገባኝ፤ እናቴም ገብቷት ይሆናል፤ ወደ ኋላ አልዞረችም።

የቤታችን መታጠፊያ ላይ ስንደርስ ቆም አለች። «ልጄ፣ ራሱ በየት በኩል ነው?» አለችኝ። «በእኔ ነው ወይስ ባንቺ?»

ጥቅሉን አየሁት። ጀርባው ነጭ ነው፣ ሁለቱ ጫፎች አንድ ናቸው።

«አላውቅም፣ እማዬ» አልኳት።